ከእጃችን ያመለጠ ዳገት

ይህ ዕድል የጅማ ነበር። መስከረም 2018 የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ምድር ላይ፣ ኪጋሊ ሲካሄድ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ስለ ብስክሌተኛው ታዴይ ፖጋቻር ጉልበት ሲያወሩ እኔ ዓይኔን ከሕዝቡ መንቀል አቃተኝ። የኪሚሁሩራን የድንጋይ ንጣፍ ዳገት ግራና ቀኝ የሞላው ሕዝብ ብስክሌት ያውቃል። ማን እንደደከመ፣ ማን ጉልበቱን እንደቆጠበ አይቶ ይለያል፤ ጩኸቱን የሚያነሣው በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ በአንድ ጀምበር አይገኝም። ሩዋንዳ ይህን ሕዝብ ማፍራት የጀመረችው ከ20 ዓመት በፊት ሲሆን፣ የጀመረችውም ከቡና ነው። አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው፤ ከቡና!

ታሪኩን ለማያውቅ ላውጋ። በ1998 ቶም ሪቺ የተባለ ካሊፎርኒያዊ ሩዋንዳ ሄደ። ይህ ሰው ዛሬ የተራራ ብስክሌት የምንለውን ነገር መጀመሪያ በእጃቸው በይደው ከሠሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው። እዚያ ሲደርስ ያየው ገበሬው ጭነቱን በራሱ ተሸክሞ፣ ወይም ከእንጨት ጠርቦ በሠራው ብስክሌት እየገፋ ኮረብታ ለኮረብታ ሲንከራተት ነው። እሸት ቡና ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በተለቀመበት ቀን መፈልፈያው ካልደረሰ ቅርፊቱ ውስጥ መብላላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ሪቺ ይህን ተረዳና ወገቡ ረዘም ያለ፣ ከኋላው ከ100 ኪሎ በላይ የሚጭን፣ ማርሽ ያለው ብስክሌት ነደፈ። ገበሬው በማኅበሩ በኩል በብድር ወሰደው፤ ቡናውም ሳይበላሽ መድረስ ጀመረ።

በዓመቱ፣ መስከረም 1999፣ ያንኑ የእንጨት ብስክሌት ለማክበር ቡታሬ ላይ ውድድር ተዘጋጀ። ከእንጨቱ ጎን በእውነተኛ ብስክሌትም ተወዳደሩ። እንግዳ ሆኖ የመጣው ጆናታን ቦየር በ1973 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነው። ቦየር በዚያ ውድድር ላይ የልጆቹን እግር አየና በኋላ ተመልሶ አሠልጣኝ ሆነ። ካሠለጠናቸው ልጆች አንዱ አድሪየን ኒዮንሹቲ ይባላል፤ ወንድሞቹን በሩዋንዳው የዘር እልቂት ያጣ ልጅ ነው። ነሐሴ 2004 ኒዮንሹቲ ለንደን ኦሊምፒክ ላይ የአገሩን ማልያ ለብሶ በተራራ ብስክሌት ተወዳደረ፤ 39ኛ ሆኖም ጨረሰ።

39ኛ መውጣት ምን ያስቀናል የሚል አይጠፋም። እኔን ያስቀናኛል። ከቡና ኮረብታ ተነሥቶ የኦሊምፒክ መነሻ መስመር ላይ መቆም የሚያስከፍለውን፣ በጭቃ ዳገት ላይ ሳንባው የተቃጠለ ሁሉ ያውቀዋል። ደግሞም ከእሱ በኋላ ሌሎች መጡ፣ በመጨረሻም የዓለም ሻምፒዮናው ራሱ ደጃቸው ድረስ መጣ። ሪቺ ሲደርስ ሩዋንዳ ከእልቂቱ ገና 12 ዓመት አልሞላትም ነበር። ገንዘብ ተርፏት ነው እንኳ ልንል አንችልም።

እኛስ ምን ጎደለን?

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ከኪጋሊ ትበልጣለች። ዙሪያዋን ያሉት ኮረብታዎች ከዚያም ከፍ ይላሉ። ከከተማው ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣው የጅሬን ዳገት 7 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከየቡ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት ጀርባ ያለው የቡና ደን በእግር መንገድ የተሸነተረ ነው። የሰው፣ የአህያና የፈረስ እግር በመቶ ዓመታት ያወጣው ጠባብ መንገድ በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ይታጠፋል፣ ይወርዳል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ እንደገና ይወጣል። አውሮፓ ውስጥ የተራራ ብስክሌት መወዳደሪያ ለመሥራት ኤክስካቫተር አስገብተው አፈር ይቆልላሉ፣ ድንጋይ ይደረድራሉ። እኛ ጋ ተሠርቶ ባለቀው መንገድ ላይ ቡና የጫነች አህያ ትሄዳለች።

እኔ በዚህ መንገድ ላይ ነው የምኖረው ማለት እችላለሁ። ቀን ቀን የቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ እውላለሁ፤ ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀው ቡና፣ በኬሻ ይገባል፣ እመዝናለሁ፣ እመዘግባለሁ። ስለዚህ የኔ ሰዓት ከንጋት በፊት ያለው ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ጅሬንን እወጣለሁ፣ ቁልቁል እመለሳለሁ፣ ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ 2 ሰዓት ላይ ሚዛኔ ጋ እገኛለሁ። ቅዳሜና እሑድ ረጅሙ ነው፤ ሰቃ፣ ጉልበት ካለ አጋሮ ደርሶ መልስ። ባለቤቴ እሑድ ጠዋት ከቤት የማልገኝ መሆኔን ለምዳዋለች፤ ቡናውን ግን እኔ ሳልደርስ አታፈላም።

የኛ ወራት በልግ ነው፤ ኦሮሞው አርፋሳ የሚለው። የበጋው አቧራ ጎማ አያስይዝም፤ ክረምቱ ደግሞ መንገዱን ወንዝ ያደርገዋል። የካቲት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ግን አቧራው ይተኛል፣ አፈሩ ይጠብቃል፣ ጎማው መሬቱን ነክሶ ይሄዳል። ከዚያ ዝናብ በኋላ ሳምንት ወይም 10 ቀን ያህል ቆይቶ ቡናው ባንድ ጊዜ ያብባል። ማታ አረንጓዴ የነበረው ኮረብታ ጠዋት ነጭ ነው፤ ሽታው ገና ከአስፋልቱ ሳትወጣ ይቀበልሃል። አበባው ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ ነው። በእነዚያ ቀናት በአበባው መካከል ቁልቁል እየወረዱ ፍሬን ለመያዝ እጅ ይሰንፋል፤ ንቡ ፊት ላይ እየተጋጨም ቢሆን ማንም አይቆምም።

መጋቢት እያለቀ ሲሄድ ዝናቡ ይበረታና ሌላ ስፖርት ይጀመራል። የጅማ ቀይ አፈር ሲረጥብ ቸርኬው ላይ እየተጠመጠመ ይወፍራል፤ ሹካው ሥር ተጠቅጥቆ ጎማውን መዞር ያስቆመዋል። ያኔ ወርደህ የቡና ጭራሮ ሰብረህ ትፍቃለህ፣ ሁለት መቶ ሜትር ትነዳለህ፣ እንደገና ትወርዳለህ። ጎበዙ ጭቃው ከመያዙ በፊት ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ የሚሮጥበትን ቦታ የሚያውቅ ነው። ሲመለሱ ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውኃ ማስመታት ይቀላል፤ ግን የግፊቱ ውኃ ኩሽኔታው ውስጥ ዘልቆ ግሪሱን ያጥበዋል፤ በወሩ ቸርኬው መንጫጫት፣ ከዚያም መወላገድ ይጀምራል። ስለዚህ በባልዲና በጨርቅ፣ ካቴናውን በጥርስ ብሩሽ፣ አንድ በአንድ። የፍሬን ሸራ ካለቀ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪመጣ ይጠበቃል። ካላማዳሪያ የሚለጥፍልን ጎሚስታ የመኪናና የባጃጅ ወረፋ አቋርጦ የኛን ያስቀድማል፤ ገንዘቡንም ግማሹን ብቻ ነው የሚቀበለው። «ይሄ የእግር ሥራ ነው፣ ይከበራል» ይለናል።

ስንቃችንም ከቤት ነው። ቡናውን ከነቅርፊቱ በቅቤ ጠብሶ መብላት የአካባቢው የቆየ ባህል ነው፤ ቡና ቀላ ይባላል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኦሮሞ ተዋጊዎች ሲጽፍ የተቆላና የተወቀጠ ቡና ከቅቤ ጋር አድቦልቡለው ለረጅም ጉዞ ይይዙ እንደነበር መዝግቧል። ዛሬ የውጭዎቹ ተወዳዳሪዎች ካፌይን የገባበት ስኳር በትንሽ ፕላስቲክ ገዝተው ኪሳቸው ይከታሉ። ለዚህ ስፖርት የሚበላው ነገር እንኳ ሳይቀር እዚህ ምድር ላይ ነበረ ለማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጭቴ ልመለስ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ከአጋሮ ወደ ጌራ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ አንድ ልጅ አገኘሁ። ማርሽ የሌለው አሮጌ ፎኒክስ ብስክሌት ላይ፣ ከኋላው ኬሻ ጭኖ፣ በነጠላ ጫማ ዳገት ይወጣ ነበር። እኔ ማርሽ ባለው ማውንቴን፣ ጭነት ሳይኖረኝ ነው የደረስኩበት። ደረስኩበት እንጂ አላለፍኩትም። እሱ ፔዳሉ ላይ ቆሞ፣ ትከሻውን ሳያወዛውዝ፣ በአፉ ሳይሆን በአፍንጫው እየተነፈሰ ይወጣል፤ እኔ ከጎኑ እያለከለክሁ ነው። ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ ወርዶ ኬሻውን አስተካከለና ውኃ ሰጠኝ። ዕድሜው 18 ቢሆን ነው። ውድድር የሚባል ነገር እንዳለ ነገርኩት። የት ነው አለኝ። የት እንደምለው አጣሁ፤ ጅማ ውስጥ አልነበረማ! መቀሌ ክለቦች አሉ፣ አስፋልት ላይ ይወዳደራሉ ብዬ ነገርኩት። ሳቀና ተሰናበተኝ።

እንዲህ ያለ ልጅ እሱ ብቻ አልነበረም። ዓይኑን ለገለጠ ሰው በለቀማ ወራት ከሊሙ እስከ ጌራ ዳገቱ ላይ ይታዩ ነበር። ቦየር ቡታሬ ላይ ያየውን እግር እኛ በየቀኑ እያየን አለፍነው። አገራችን ውስጥ የሯጭ እግር አይቶ የሚለይ ዓይን ሞልቷል፤ በቆጂ የምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ ስንት የኦሊምፒክ ሻምፒዮን አፍርታለች። ያ ዓይን ወደ ቡናው ደን አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ጊዜው ነው። ዓለም የጅማን ቡና ለረጅም ዘመን ያወቀው «ጅማ 5» በሚባለው ደረጃ፣ ፀሐይ ላይ በደረቀ ጀንፈል ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን በአጋሮ ዙሪያ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው እሸት ማጠቢያ መትከል ጀመሩ። ከእነዚያ አንዱ ዱሮሚና ነው። በ2004 የዱሮሚና ቡና በምሥራቅ አፍሪካ የቡና ማኅበር ውድድር ከአፍሪካ ምርጥ ተባለ። ልብ በሉ፣ 2004 ነው። ኒዮንሹቲ ለንደን ላይ የተወዳደረበት ያው ዓመት!

እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት ሁሉም ነገር ባንድ ቦታ ተገናኝቶ ነበር። ማጠቢያው አለ፣ በዕለቱ መድረስ ያለበት እሸት አለ፣ ማኅበሩና ብድሩ አለ፣ ዳገቱ አለ፣ ፎኒክስ በነጠላ ጫማ የሚነዳው ልጅ አለ። ሩዋንዳ ይህንኑ ካደረገች ገና ጥቂት ዓመት ነበር፤ ምስጢር አልነበረም፣ ስለ ኒዮንሹቲና ስለ ጓደኞቹ ፊልም ሁሉ ተሠርቶ ነበር። እንጨት ጠርቦ ብስክሌት መሥራት እንኳ ካስፈለገ የጅማ አናጢ በርጩማውንና ወንበሩን ለአገር ሁሉ የሚሸጥ ሰው ነው። እሸቱ ግን በሴቶች ጀርባና በአህያ መጋዙን ቀጠለ። ከማጠቢያው የራቀው ገበሬ ማድረስ ስለማይችል እሸቱን ቤቱ ያሰጣና ጀንፈል አድርጎ ይሸጠው ነበር። ያ ጀንፈል ዛሬም በኔ ሚዛን ላይ ያልፋል። ከየት ቀበሌ እንደመጣ ወረቀቱን ሳነብ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ በጭነት ብስክሌት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅም አውቃለሁ። ጥሩ ማርሽ ያለው ልጅ መሽቶ ሳይጨልም ማጠቢያው ያደርሰው ነበር።

አገራችን ለብስክሌት እንግዳ ብትሆን ኖሮ ቁጭቴ በቀለለ። ኢትዮጵያ በ1949 ሜልቦርን ላይ በታሪኳ የመጀመሪያውን ኦሊምፒክ ስትካፈል ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። እነ ገረመው ደንቦባ ያኔ በቡድን 9ኛ ወጥተዋል፤ ይህ የሆነው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት ግድም ቀድሞ ነው። በ2008 የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ተሰልፎ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጽጋቡን ያወጣችው ለብዙ ዓመት ብስክሌትን ባህሏ ያደረገች ከተማ ናት፤ ያቺ ከተማ ጦርነት ሲያገኛት ብስክሌቱም አብሮ ተመታ። የአገሪቱ ብስክሌት ከሞላ ጎደል አንድ አካባቢ ላይ ተንጠልጥሎ ባይኖር፣ ደቡብ ምዕራቡ የራሱን በጭቃና በደን መንገድ ላይ ቢያቆም ኖሮ፣ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ይሸከመው ነበር። የተራራ ብስክሌት ከሐምሌ 1988 ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ዓመታት ሁሉ ጅማ ላይ ይህን ስፖርት እንጀምር ብሎ በጀት የያዘ መሥሪያ ቤት አላየሁም።

ያንን የአጋሮ ልጅ ከኪጋሊው ሻምፒዮና በኋላ ገበያ ዳር አገኘሁት። እኔ ነኝ የለየሁት፤ አቋሙ አልተለወጠም። ሞተር ይነዳል። እሸቱን አሁን የሚያመላልሰው ሞተር ነው፤ ፈጣን ነው፣ ገበሬው ወዶታል፣ ሊፈረድበትም አይችልም። ያን ዳገት አስታወስኩትና ስለ ኪጋሊ ነገርኩት፣ ስልኬ ላይም አሳየሁት። ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው አየና «ጉልበት እኮ ነበረኝ፣ ወንድሜ» አለኝ። ከዚያ ደንበኛው መጣና ሄደ። ኒዮንሹቲ ለንደን ላይ 25 ዓመቱ ነበር። ይህ ልጅ ያን ጊዜ ከ20 ብዙም አላለፈም፤ ጥቂት ዓመት የሚመራው ቢያገኝ ኖሮ ለሪዮ ኦሊምፒክ ይደርስ ነበር። ይህን ሒሳብ ሚዛን ላይ ቆሜ እደጋግመዋለሁ፤ በየጊዜው ውጤቱ ያው ነው።

ዘንድሮም በመጋቢት የራሳችንን ውድድር አደረግን። ቴፕ ከቡና ዛፍ ለቡና ዛፍ አሠርን፣ ወንዙ ላይ ግንድ አጋደምን፣ የቀበሌው ሰው ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበልን። ከተወዳደርነው ውስጥ አብዛኛዎቻችን ደመወዝተኞች ነን፤ አስተማሪ፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ እኔ። ብስክሌቱን መግዛት የቻለው ተወዳደረ፤ የገበሬው ልጅ ቴፑ ዳር ቆሞ ተመለከተ። አንዱ፣ 13 ወይም 14 ዓመት የሚሆነው፣ ከመጨረሻው ዳገት ጀምሮ በባዶ እግሩ ከጎኔ ሮጦ መጨረሻው መስመር ላይ ቀደመኝ። «አባባ፣ አንድ ጊዜ ልንዳው?» አለኝ። ሰጠሁት። ኮርቻው ላይ እግሩ አይደርስም፤ ቆሞ ነዳው፣ ወንዙ ድረስ ሄዶ ከብስክሌቱ ሳይወርድ ተመለሰ።

ይህን ልጅ ምን ላድርገው? በ2002 ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር፤ የጭነት ብስክሌቱን አባቱ ለቡናው ይበደረዋል፣ ልጁ በለቀማ ወራት ይሠራበታል፣ በበልግ ይወዳደርበታል፣ ዕዳውን ቡናው ይከፍላል። ያን መንገድ ሞተሩ ዘግቶታል፤ ዛሬ ለእሸት ብስክሌት ግዛ ብትለው ገበሬው አይሰማህም፣ ትክክልም ነው። አሁን ለዚህ ልጅ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ለስፖርቱ ብሎ ብቻ መግዛት አለበት። ዋጋውን ጠይቄያለሁ፤ ከብዙ ወር ደመወዜ ይበልጣል። ከጓደኞቼ ጋር ማዋጣት ጀምረናል፤ እስካሁን ያጠራቀምነው ሁለቱን ቸርኬ አይገዛም፣ ልጁም በየዓመቱ እያደገ ነው።